የአራት ደቂቃው ውጊያ

ላይል ቶስተንሰን ሲዋሽ ግራ ጆሮው ይቀላል። ይህን ጉዱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እናቱ፣ ሌላዋ በዚሁ ጆሮ የተነሳ ቀለበቱን አሽቀንጥራ የሄደች እጮኛው። ደግነቱ እንጀራው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ድምጽ እንጂ ጆሮ አያሳይም።

ከተማችን ሱፎልስ ላምና ባለዕዳ እኩል የሚታለቡባት ከተማ ናት። ላሞቹ በዳር በዳሩ፣ ባለዕዳዎቹ መሀል ከተማ፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቶቹ ህንጻ ውስጥ፣ በስልክ። ላይል የሚሰራው ከነዚህ ባንዱ፣ «ማስቀሪያ» በሚሉት ክፍል ነበር። ወለዴ በዛ፣ ቀንሱልኝ፣ አለዚያ ካርዳችሁን ዝጉልኝ የሚል ሰው ሲደውል መስመሩ ወደነሱ ይዞራል። አርባ ሰው በአርባ ጠረጴዛ ተደርድሮ ያባብላል። ደንበኛውን ያስቀረ ተነስቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የላም ቃጭል አንዴ ይደውላል። አንዲት ነጥብ ሳይቀንስ ያስቀረ ሁለቴ ይደውላል፤ አለቃቸው ጎርደን ስሌተንም ከመስታወት ክፍሉ ሆኖ አውራ ጣቱን ያነሳለታል።

ከላይል በላይ ሁለቴ የደወለ አልነበረም። የራሱ መላ ነበረዋ! መጀመሪያ ያስቃል። ቀጥሎ ያናዝዛል። መጨረሻ ላይ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ይጠብቁኝ፤ አለቃዬ ጋ ገብቼ ልታገልልዎት ነው» ይላል። ከዚያ ሙዚቃውን ይለቅና እዚያው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል፤ ለጎረቤቶቹም የደዋዩን ታሪክ ቅመም ጨማምሮ ያወራል። ልክ በአራተኛው ደቂቃ፣ ደረጃ እንደወጣ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ይመለሳል። «ታገልኩልዎት። አልሆነም።» ሦስት ደቂቃ ቢሆን አያምኑትም። አምስት ቢሆን ይዘጉበታል። አራት ነው።

ስልክ በተነሳ ቁጥር አንዲት ሴት በካሴት፣ «ይህ ንግግር ለስልጠና ሊቀዳ ይችላል» ትላለች። ሁሉም ይሰማታል፣ ማንም አያዳምጣትም። ላይል ራሱ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አዳምጧት አያውቅም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የየካቲት ጠዋት ነው ያቺ ሴት የደወለችው።

«ናዲን ፕሩት እባላለሁ። ከፓዱካ፣ ከኬንታኪ። ወለዴን እንድትቀንሱልኝ ፈልጌ ነው።»

«ስንት ነው የሚከፍሉት?»

«ከመቶ አስራ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።»

«ኧረ ጉድ! ምን ቢገዙበት ነው?»

«እኔ ምንም አልገዛሁም። ጀልባ ነው።»

«ጀልባው ራሱን ገዛ?»

ሳቀች። ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ሳቅ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ተንጫረረ፣ በኋላ ወለል አለ።

ነገሩን ነገረችው። ባሏ በስሟ በወጣ ካርድ ባለሞተር ጀልባ ገዛ። ገዝቶም ወንዙ ላይ ሞከረው። አሁንም እየሞከረው ነው መሰለኝ፣ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ጀልባውም እሱም አልተመለሱም። እሷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። በየወሩ ሰባ አምስት ዶላር ትልካለች፤ ሰባ አንዱን ወለዱ ይውጠዋል።

«ዘንድሮ አርባ አንድ ሞላኝ» አለች። «ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እንዲህ ከቀጠለ ጀልባው የሚያልቀው በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አስራ ሁለት ብታደርጉልኝ በአርባ ስምንት ይለቀኛል። ስምንት ዓመት ነው የምለምንዎት፣ ሌላ አይደለም።»

«ይጠብቁኝ» አለ ላይል፤ ጆሮው ቀላ። «አለቃዬ ጋ ገብቼ ልታገልልዎት ነው።»

ሱፉን ፈለፈለ። ለጎረቤቶቹ አንድ ነገር አለ፤ ሳቁ፤ እሱም ያለውን ምሳ ሳይደርስ ረሳው። በአራት ደቂቃው ተመለሰ።

«ታገልኩልዎት። አልሆነም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሴትዮዋ።

«ምን አደረግሁልዎትና?»

«ታገልኩልዎት አሉኝ እኮ። ለኔ ብሎ የታገለ ሰው አይቼ አላውቅም። ተሸንፎም ቢሆን።»

ላይል ተነሳና ቃጭሉን ሁለቴ ደወለ። ጎርደን አውራ ጣቱን አነሳ። የጎረቤት ጠረጴዛው ሰው ዶናት አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። አንዴ ገመጠና የቀረውን ወደ ጎን ገፋው።

*

በመጋቢት ደወለች፤ በስሙ ጠየቀችው።

«ይጠብቁኝ» አለ እንደ ልማዱ። ሙዚቃውን ለቀቀ። ሱፉን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ እግሩ ቀደመው፤ ቆሞ አገኘው ራሱን። ከዚያ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስታወቱን ክፍል አንኳኳ።

«ምን ሆንክ? ታመምክ እንዴ?» አለው ጎርደን።

«አንዲት ደንበኛ አለች። አስራ ሁለት እናድርግላት።»

«በሰዓቷ ትከፍላለች?»

«አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም።»

«ታዲያ ምን አስቸገረችህ? በሰዓቱ ለሚከፍል ሰው ማን ይቀንሳል! የሚቀነሰው ለሚሄድ ነው። እሄዳለሁ ትበልና ያኔ እናያለን።»

ላይል ተመለሰ፤ ማዳመጫውን ግራ ጆሮው ላይ አጠለቀ። «ታገልኩልዎት» አለ። «አልሆነም።» ከዚህ ሌላ በምን ቃል ይባላል? ቃሉን ለውሸት አስለምዶት ኖሮ፣ እውነቱ ሲመጣ የሚያለብሰው ሌላ ልብስ አጣ።

በሚያዝያና በግንቦትም ደወለች፤ ሁለቴም ገብቶ ለመነ፣ አልሆነም። በዚሁ መሀል፣ ከሂሳቧ ላይ ባገኘው አድራሻ፣ ደብዳቤው ተጀመረ። ላይል መዋሸት ስለሚወድ፣ «እኛ አገር ነፋሱ አይጣል ነው» ብሎ ጻፈላት፤ «ባለፈው የጎረቤቴን ጎተራ አንስቶ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን አፍሮ መለሰው፤ ለካሳ ቀለም ቀብቶ።» እሷም አላነሰችም። «የኛ ሙቀት ይብሳል። ዓሳዎቹ ከወንዙ ወጥተው ጥላ ፍለጋ ደጃፌ ላይ ተሰለፉ። አንዱን አስገባሁት። ጨዋ ነው፣ እግሩን ጠርጎ ነው የገባው።» ላይል ይህን ሲያነብ አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብሎ ስቆ ሰው ሁሉ ዞረበት።

እርስዎ መባባሉ በሦስተኛው ደብዳቤ ቀረ። በአራተኛው ፎቶዋን ላከች፤ ከአንሶላ ክምር ፊት ቆማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፀሐዩ አስቸግሯት አንድ ዓይኗን ጨፍና። በሸሚዙ ኪስ ያዛት። በአምስተኛው ላይል፣ ለእናቱ እንኳ በፈቃዱ ያልነገራትን ጻፈ።

«ውሸታም ነኝ ናዲን። ግን አንድ የማይዋሽ ነገር አለኝ። ስዋሽ ግራ ጆሮዬ ይቀላል። አንድ ቀን እንገናኛለን፤ ያን ቀን ጆሮዬን እዪ። ካልቀላ፣ እወድሻለሁ ያልኩሽ እውነቴን ነው።»

እዚያው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ምስጢሩን አከለላት። «ስትደውዪ ‹ልሄድ ነው፣ ዝጉልኝ› በዪ። ሌላ ምንም አትበዪ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የኮምፒውተር ማሽን የሚፈራው ይህችን ቃል ብቻ ነው። እኔ በስልክ ላስታውስሽ አልችልም፤ ይቀዳል፣ ከሥራ ያስባርረኛል።»

በሰኔ ደወለች።

«ወለዴን እንድትቀንሱልኝ ነው።»

«ካልተቀነሰልዎትስ ምን ያደርጋሉ?» አለ ላይል፣ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፍቶላት።

«ካልተቀነሰማ...» ተንፈስ አለች። «ካልተቀነሰ... እጠብቃለሁ።»

ላይል ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «ሌላ... ሌላ ያሰቡት ነገር የለም? በደንብ ያስቡ እስቲ።»

«የትም አልሄድም» አለች ናዲን በቀስታ፤ ዘጋችው።

ደብዳቤዋ ከሳምንት በኋላ ደረሰ። «ቃሉን አልረሳሁትም። መስታወት ፊት ቆሜ አጥንቼው ነበር። ግን ከወዲያ በኩል ያለኸው አንተ ሆነህ እንዴት ልሄድ ነው ልበል? በውሸትም አልሆነልኝ። ለኔ ሲባል ነው የማውቀው፣ እኔ ለሰው ብዬው አላውቅም። ከእንግዲህ ወደ መሥሪያ ቤትህ አልደውልም። ሃምሳ ስድስት ይሁን። አንተ ካለህ ሃምሳ ስድስትም ሩቅ አይደለም።»

ላይል ደብዳቤውን አጥፎ ከፎቶዋ ጋር ከተተው። ስምንት ዓመቷን ለሱ ስትል በገዛ እጇ ወረወረችው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ የሚወደድ ሰው አልነበረም፣ ያውቀዋል።

*

በነሐሴ መጨረሻ አንዲት አጭር ደብዳቤ መጣች። «ትልቅ ነገር እየመጣልህ ነው። ምንድነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ!» ላይል ኬክ መሰለው። ከወር በፊት ለቀልድ ያህል፣ ድርጅቱ ጋዜጣ ላይ ያወጣውን «ወሬ የሚችል ሁሉ ይቀጠራል» ዓይነት ማስታወቂያ ቆርጦ ፖስታ ውስጥ ከቶላት እንደነበር ፈጽሞ ትዝ አላለውም።

እሷ ግን ማስታወቂያውን ስትጠብቀው እንደኖረችው መጥሪያ አድርጋ ነው ያነበበችው። በስልክ ተፈትና አለፈች። ከሆስፒታሉ ተሰናበተች። የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ሱፎልስ የገባችው እሁድ ማታ ነው፤ ሰኞ ሥልጠናዋን ጀምራ፣ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ «ዓሳው ሰላም ብሎሃል» ልትለው።

ማስቀሪያ ክፍል አዲስ ሰው ሲቀጠር አንድ ወግ አለ። አሰልጣኟ ወይዘሮ ፊሊስ፣ ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳይ አንድ የተመረጠ ካሴት ታሰማለች። ካሴቱ ሲያልቅ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ይጨበጨብለታል። የዚያ ዓመት ጀግና ላይል ነበር። ሦስቴ ገብቶ እጅ ነስቷል፤ ሁልጊዜም ካሴቱ ካለቀ በኋላ ስለሚገባ የትኛው ንግግሩ እንደሆነ ሰምቶም ጠይቆም አያውቅም።

በዚያ ሰኞ ግን ለሰልጣኞቹ የመጣ ዶናት አለ መባሉን ሰምቶ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ሄደ። በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አሰገገ። ሃያ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። የካሴቱ ድምጽ ክፍሉን ሞልቶታል።

«...ስምንት ዓመት ነው የምለምንዎት፣ ሌላ አይደለም።»

የላይል እጅ በሩ ላይ ደረቀ።

ሙዚቃው ተለቀቀ። ሙዚቃውን ደንበኛው ነው የሚሰማው፤ መቅረጫው ግን አያርፍም፣ ከሙዚቃው ሥር የጠረጴዛውንም ይቀዳል። መጀመሪያ የሱፍ ፍሬ ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ የራሱ ድምጽ።

«ወንድሞች፣ የጀልባ ሚስት ይዣለሁ! ባሏ ከጀልባ ጋር ኮበለለ፣ እሷ ጥሎሹን እየከፈለች ነው። እውነቴን ነው! ስሙኝ፣ ይቺን ሴትዮ ሳንቲም አልቀንስላትም፤ እንዲያውም አመስግናኝ ነው የምትዘጋው። በዶናት! ማነው የሚወራረደኝ?» ሳቅ። ቀጭ። «ስንት ሆነ? ሦስት? ቆይ ልተንፍስ...»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ፊሊስ እየሳቀች ጣቷን አነሳች፤ ገና ነው፣ ጠብቁ።

«ታገልኩልዎት። አልሆነም።»

«እግዜር ይስጥልኝ... ለኔ ብሎ የታገለ ሰው አይቼ አላውቅም። ተሸንፎም ቢሆን።»

አሁን አንዳንዱ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመረ። አንድ ወፍራም ሰልጣኝ እንባውን እየጠረገ፣ «የጀልባ ሚስት!» አለ። ወይዘሮ ፊሊስ በሩ ላይ ያለውን ላይልን አየችው። «ይኸውላችሁ ሰውዬው! ና ግባ፣ አንተ ሸረኛ!»

ሃያ ፊት ዞረ። አስራ ዘጠኙ ይስቃል። በሦስተኛው ረድፍ ያለችው አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ገና ብብቷ ሥር በክር ተንጠልጥሏል። አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ልክ እንደ ፎቶው። እዚህ ግን ፀሐይ አልነበረም።

*

ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«ናዲን! ናዲን፣ ስሚኝ! የመጀመሪያው ቀን ነው ያ! አላውቅሽም ነበር!»

«አላወቅኸኝም» አለች። «ላላወቅኸው ሰው ነው እንዲህ የሚባለው?»

«ከዚያ በኋላ ታግያለሁ። በእግዚአብሔር ስም! በመጋቢት፣ በሚያዝያ፣ በግንቦት፣ ተነስቼ ገብቻለሁ። ቅጂው አለ! ወንበሬ ባዶ መሆኑን ትሰሚዋለሽ፣ ሱፍ የሚፈለፍል ሰው የለም!» ዞረ። «ወይዘሮ ፊሊስ! የኔን የግንቦትን ካሴት ስጪኝ! የመጋቢቱን! የቱንም!»

ወይዘሮ ፊሊስ ግራ ተጋብታ በሩ ላይ ቆማለች። «የግንቦትን? ላይልዬ፣ ካሴት እኮ በየሁለት ወሩ እላዩ ላይ ይቀዳበታል። ለስልጠና የተመረጠ ብቻ ነው የሚቀመጠው።» የያዘችውን ካሴት አሳየችው። «ካንተ ያለኝ ይኸው ነው።»

ናዲን ካሴቱን አየችው፣ ከዚያ እሱን። «እሺ» አለች። «እዚህ ነኝ። አሁን ግባና ታገልልኝ። እያየሁህ።»

ገባ። የመስታወቱን በር ሳያንኳኳ ገባ።

«ጎርደን፣ የፕሩትን ወለድ አስራ ሁለት አድርግልኝ። የዓመቱን ጉርሻዬን ውሰድ።»

«የማንን?»

«የጀልባዋን... የፓዱካዋን። ደሞዜን ቀንስ። ወደ ፖስታ ክፍል አውርደኝ፣ ኤንቨሎፕ ልለጥፍ። እለምንሃለሁ!»

ጎርደን አፉን ከፍቶ ሲያየው ቆየ። ከተማው ውስጥ የላይልን ቀልድ ያልቀመሰ የለም፤ እሱም ባለፈው ገና ወንበሩ ሥር ዶሮ ተደብቆለት ነበር። ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኤንቨሎፕ ልለጥፍ!» ትከሻውን በጥፊ መታው። «አንተ ሰይጣን! ማነው የላከህ? ካሜራ አለ?»

አለቃ ሲስቅ አብሮ መሳቅ የስድስት ዓመት ልማድ ነው። ላይል ሳያስበው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ከንፈሩ ግን ተከፍቶ ጥርሱ ታየ።

መስታወት ነው። ድምጽ አያሳልፍም። ናዲን ከውጭ ያየችው ሁለት ወንዶች ሲሳሳቁ ነው።

ሲወጣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነበር። «አራት ደቂቃ» አለች።

«ናዲን...»

«ንገረኝ። ምን አለ?»

ላይል ሌላ ቃል ፈለገ። በምድር ላይ ካለ ቃል ሁሉ አንድ፣ አንድ ብቻ ሌላ ቃል። አልመጣም።

«ታገልኩልሽ» አለ። «አልሆነም።»

ጠጋ አለች። የሳሙናዋ ሽታ ደረሰው። እጇን አንስታ ፀጉሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ግራ ጆሮውን አየችው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ማዳመጫ የተጫነው ጆሮ፣ በየቀኑ ተጭኖት የሚውል ጆሮ፣ እንደ በሰለ በርበሬ ቀልቷል።

«ማዳመጫው ነው!» ላይል ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። «ናዲን፣ ማዳመጫው ነው የጫነው! የሁላችንም ጆሮ እንዲህ ነው፣ ሄደሽ እያቸው!»

«ጎተራውስ?» አለች። «ነፋሱ ቀለም ቀብቶ የመለሰው ጎተራስ?»

ድምጿ አልጠነከረም፣ አልተንቀጠቀጠም። እንደምታጥፈው አንሶላ ጠርዝና ጠርዙ የተገጣጠመ ድምጽ ነበር። ላይል ብትጮህበት፣ ብትመታው፣ ፊቱን ብትቧጭረው ምንኛ ደስ ባለው!

*

«አቶ ቶስተንሰን» አለች። «ካርድ የሚያዘጋ ሰው ምን ያደርጋል?»

«አቶ አትበዪኝ።»

«ምን ያደርጋል?»

«በስልክ ነው... በስልክ ብቻ ነው።»

ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ለእንግዳ የተቀመጠ ስልክ አለ። ካርዷን አወጣች፣ ከጀርባው ያለውን ቁጥር እያየች መታችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አርባ ሰው ነበር እዚያ፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ በስሙ ጠየቀችው።

የላይል ጠረጴዛ ጮኸ። ሄዶ ተቀመጠ። በካሴት ያለችው ሴት፣ «ይህ ንግግር ለስልጠና ሊቀዳ ይችላል» አለች። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጣት።

«ስምዎን ይንገሩኝ» አለ። ይህን ካልጠየቀ ማሽኑ አይከፍትም።

«ናዲን ፕሩት።»

«በምን... በምን ልርዳዎት?»

«ልሄድ ነው። ዝጉልኝ።»

ጣቶቹ ብቻቸውን ቃሉን አስገቡ። ማሽኑ አንዴ ብልጭ አለ። አረንጓዴ መስመር ወጣ፤ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ያቅርቡ። ያለ ልመና፣ ያለ መስታወት ክፍል፣ ያለ አራት ደቂቃ። ሰባት ወር የታገለበትን፣ ደሞዙን የሰጠበትን፣ ካስማሉት ነፍሱንም የሚሰጥበትን፣ ማሽኑ ሰው ዓይኑን እስኪጨፍን ባለች ጊዜ አወጣው። የጠየቀው ዋጋ አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ከልቧ መሆን ያለበት ቃል።

ሊደብቀው ይችል ነበር። ካርዱን ዘግቶ፣ ያለባትን በአሮጌው ወለድ እስከ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ እየከፈለች እንድትኖር፣ በየወሩም ፖስታዋ ወደዚህ ሕንጻ እንዲመጣ ማድረግ ይችል ነበር። አሰበውም።

«ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ልናደርግልዎት እንችላለን» አለ። ከዚያ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አርባ ሰው ባለበት፣ መቅረጫው እየዞረ፣ «እወድሻለሁ» አለ።

ዝም አለች።

ከበሩ ማዶ ጀርባዋን ያየዋል። የዋጋው ክር ብብቷ ሥር ይወዛወዛል። ትንፋሿ ጆሮው ውስጥ ገባ፣ ወጣ። አንዴ ልትናገር ብላ ከንፈሯ ሲላቀቅ ሰማው። ግንባሯን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። አስራ አንድ ሰከንድ ነው ይሉታል በኋላ የቆጠሩት፤ ላይልን ከጠየቃችሁት ግን አንድ ክረምት ሙሉ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ አልዋሸም።

«እሺ» አለች። «ወለዱን እቀበላለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግዴታ ናት። ካልተባለች ወለዱ አይጸድቅም። ላይል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«ከእኛ ጋር ስለቆዩ... እናመሰግናለን።»

ስልኩን ሰቀለችው። ሻንጣዋን አነሳች። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ቀሚሷን ያዘው፤ ያ ሁሉን ነገር አንስቶ መመለስ ይችላል የተባለለት ነፋስ። አልመለሳትም።

«ቃጭሉን! ቃጭሉን!» ጎረቤቶቹ ከወንበሩ አነሱት። «የጀልባዋን ሴትዮ አስቀራት እኮ!» እጁን ይዘው ገመዱ ላይ አደረጉለት። ቃጭሉ አንዴ ጮኸ። ጎርደን ከመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አነሳ።

*

ላይል ዛሬም እዚያው ነው። ሱፍ አይፈለፍልም፤ ስለ ነፋስም አያወራም። ናዲን በየወሩ ትከፍላለች፣ አንድ ቀን አታሳልፍም። በዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ጀልባው በአርባ ሰባት ተኩል ዓመቷ ያልቃል። ደብዳቤ ግን ቀርቷል፤ የላከው ሁሉ ሳይከፈት ይመለሳል።

ወይዘሮ ፊሊስ ካሴቷን ቀየረች። አዲሱን በጣም ወደደችው። «ሊሄድ የቆረጠ ሰው እንዲህ ነው የሚቀረው» ትላለች። አንዲት ከደንብ ውጭ የሆነች ቃል መሀሉ ላይ ነበረች፤ ሁለት ሰከንድ ብትሆን ነው፤ ቆርጣ አወጣቻትና ቅጂውን ጥርት አደረገችው።

ሰኞ ሰኞ ላይል በስልጠናው ክፍል በር ሲያልፍ እርምጃው ይዘገያል። እንዲገባ ቢለምኑትም አይገባም። ውጭ ቆሞ ያን ዝምታ ይጠብቃል። አስራ አንድ ሰከንድ። ገባ፣ ወጣ፣ ትንፋሿ።

ወይዘሮ ፊሊስ እዚያ ላይ ማሽኑን ታቆመዋለች።

«እስቲ ንገሩኝ» ትላቸዋለች ሰልጣኞቹን፤ «ደንበኛዋ እዚህ ጋ ዝም ያለችው ምን እያሰበች ነው?»

ሁልጊዜ አንድ ፈጣን ሰልጣኝ አይጠፋም፤ እጁን ያወጣል።

«ሂሳቡን እያሰላች ነው።»

«ጎሽ!» ትላለች ወይዘሮ ፊሊስ። ላይልም ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል።